«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ካልን በኋላ፦ በጤና ጣቢያ ስለ አእምሮ ጤና እንዴት እንነጋገር?



በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ የጤና ተማሪዎቻችንን በሙያ፣ ሁላችንን ደግሞ በሕይወት የሚነካ ነው። ሰው እንቅልፍ ሲያጣ፣ ልቡ ሲጨነቅ፣ ምግብ ሲያስጠላው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አእምሮ ሐኪም አይደለም። በሰፈሩ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው፤ እኛም ወደ ግቢያችን ክሊኒክ። እዚያ ከጤና መኮንኑ ወይም ከነርሷ ጋር በሚያሳልፋቸው ጥቂት ደቂቃዎች የተባለውና ሳይባል የቀረው ነገር ብዙ ይወስናል። ወይ ሕመሙ ስሙን ያገኛል፣ ወይ ታካሚው ፓራሲታሞል ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህን ያዘጋጀነው የምሕንድስና ተማሪዎች ነን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ይሁን እንጂ ከገጠር የመጡ ዘመዶቻችንን ይዘን ካርድ የምናወጣው፣ ወረፋ የምንጠብቀው፣ «ሐኪሙ ምን አለ?» ተብለን የምንጠየቀው እኛው ነን። ስለዚህ ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ባለሙያውና ታካሚው ስለ አእምሮ ጤና ሲነጋገሩ የት ላይ ይተላለፋሉ? እንዴትስ ይግባባሉ?

ለምን ጤና ጣቢያው?

ጎንደር በዚህ ጉዳይ የቆየ አደራ አለባት። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እዚህ ሲከፈት ዓላማው ለገጠሩ ሕዝብ የሚደርሱ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። ጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች አብረው እየሠለጠኑ ወጡ። የዛሬው ዩኒቨርሲቲያችን የበቀለው ከዚያ ነው። ዛሬም በአብዛኛው ጤና ጣቢያ ታካሚን የሚቀበለው ጤና መኮንን ወይም ነርስ ነው።

በአገራችን አደረጃጀት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከአምስት ጤና ኬላዎች ጋር ተያይዞ ከ15,000 እስከ 25,000 ለሚሆን ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። በጤና ኬላው የሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር 16 ፓኬጆች ነበሩት፤ በኋላ 18 ሲሆኑ ከተጨመሩት አንዱ የአእምሮ ጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2008 «ኤም ኤች ጋፕ» የተባለውን መርሐ ግብር የጀመረው የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ባልሆኑ ባለሙያዎች እጅ እንዲደርስ ነው። ኢትዮጵያ ቀድመው ከጀመሩት አገሮች አንዷ ናት፤ በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም ይህንኑ መንገድ ይዟል።

ይህ መንገድ ያዋጣል ወይ ለሚል፣ በቡታጅራ አካባቢ የተደረገ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሲታከሙ ያገኙት ውጤት የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጡት ክትትል ያነሰ አልነበረም። ሌላው ግኝት ግን ያሳስባል፤ በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች የተደረጉ ጥናቶች ድባቴ ይዟቸው ከሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ሳይታወቅላቸው እንደሚመለሱ አሳይተዋል። መድኃኒቱና ሥልጠናው ቢኖርም ንግግሩ ካልተሳካ ሕመሙ ተሸፍኖ ያልፋል ማለት ነው።

ይህ ለእኛ አካባቢ ትልቅ ትርጉም አለው። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደባርቅ ወዲያ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ መንደሮች ደግሞ ገደል ወርዶ ተራራ መውጣት አለ። ለዚያ ሰው «ወደ ስፔሻሊስት ሂድ» ማለት ለመጓጓዣና ለማደሪያ በግ ሽጥ ማለት ነው። በዚያ ላይ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ሲደርስ ሰው ሞቷል፣ ብዙ ቤተሰብም ተፈናቅሏል። ያ ሐዘን ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ «የጦርነት ሐዘን ነኝ» ብሎ አይመጣም፤ «ራሴን ይፈልጠኛል» ብሎ ነው የሚመጣው።

ንግግሩ የት ላይ ይሰናከላል?

አንድ የተለመደ ንግግር እንውሰድ። ታሪኩ የአንድ ሰው አይደለም፤ ብዙዎቻችን ግን ስናነበው እናውቀዋለን።

— እማማ፣ ምን ሆነው መጡ?
— ራሴን ይፈልጠኛል ልጄ፤ ልቤም ይመታብኛል።
— ከመቼ ጀምሮ?
— ኧረ ቆይቷል።
— ጭንቀት አለብዎት እንዴ?
— አልሐምዱሊላህ! ምን ጭንቀት አለብኝ።

ባለሙያው «ጭንቀት የለም» ብሎ ይጽፋል። እናትየዋም አልዋሹም፣ እሱም አልሰነፈም። የተላለፉት በአንድ ቃል ነው። «አልሐምዱሊላህ» ለሙስሊም ምስጋናና አደብ ነው፤ በደስታም በመከራም ይባላል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚሉት እንዲሁ ነው። የልብን ሁኔታ የሚገልጽ የምርመራ መልስ ግን አይደለም። እንደ መልስ ከተወሰደ በጣም የሚሠቃየውና ደህና የሆነው ሰው ካርዳቸው ላይ አንድ ዓይነት ይሆናሉ።

ሁለተኛው መሰናክል የስም ነው። «የአእምሮ ሕመም» ሲባል ብዙው ሰው የሚሰማው «እብደት» ነው። «ድባቴ» ደግሞ በመጽሐፍና በሬዲዮ የምናውቀው ቃል ነው፤ ለወገራ ወይም ለዳባት ገበሬ ብዙም አይነግረውም። ሰዉ የራሱ ቃላት አሉት፦ «ልቤን ይጨንቀኛል»፣ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»፣ «ሰውነቴ ዛለ»፣ «ሰው አስጠላኝ»። እነዚህ ዝም ብለው የሚታለፉ አባባሎች አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በእኛም አገር በጥናት ብዙ የተሠራበት የ20 ጥያቄዎች መጠይቅ የሚጀምረው ራስ ምታት እንዳለ በመጠየቅ ነው፤ ቀጥሎ የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ይጠይቃል። ማለትም ከሰውነት ተነሥቶ ወደ ልብ ይገባል።

እንግዲህ ያንኑ ንግግር በዚህ መንገድ እናስኪደው።

— አልሐምዱሊላህ፣ እማማ። እንዲያው ግን ሌሊቱን እንዴት ያድራሉ?
— ሌሊቱንማ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። የሱብሒ አዛን እስኪሰማ ጣራ ጣራውን ሳይ ነው የማድረው።
— ያኔ ምን ምን ይመጣብዎታል?
— ልጄ ነው የሚመጣብኝ። እሱን ካጣሁ ወዲህ ነው እንዲህ የሆንኩት።
— አላህ ይዘንለት። ምግብስ? የቤቱንስ ሥራ እንደ ድሮው ይሠሩታል?
— እንጀራ መጋገሩም አቅቶኛል። ጎረቤት ቡና ሲጠራኝም አልሄድ።

እዚህ ውስጥ «ጭንቀት» የሚል ቃል የለም፤ «ድባቴ» የሚልም የለም። የተጨመረው ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ባለሙያው ምስጋናውን በምስጋና ተቀብሎ ሁለተኛ ጥያቄ ጠየቀ፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብና ስለ ዕለት ሥራ። እናትየዋም ሁለተኛ መልስ ሰጡ። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ ከምስጋናው በኋላ ሁለተኛ ጥያቄና ሁለተኛ መልስ እንዲኖር ማድረግ።

መናገር ሶብርን ያፈርሳል?

ብዙዎቻችን ሁለተኛውን መልስ የምንይዘው «ለሰው ማማረር ይሆንብኛል» ብለን ነው። የተማርነው ግን እንዲህ አይደለም። ሶብር ሕመምን መደበቅ አይደለም። ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው ሐዘን ዓይናቸው እስኪጠፋ ማልቀሳቸውን ቁርኣን ይነግረናል፤ የሶብራቸውንም ውበት ይነግረናል። ሁለቱ አብረው ነበሩ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የራስ ምታታቸውን ለባለቤታቸው ለዓኢሻ (ረ.ዐ) መናገራቸውና ትኩሳታቸው ከሌላው ሰው እጥፍ መሆኑን ለኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) መግለጻቸው በሶሒሕ ሐዲስ ተላልፏል። ዑለማዎችም ከዚህ በመነሣት በቀደር ላይ ማማረር ሌላ፣ ሕመምን ለሚረዳ ሰው መግለጽ ሌላ መሆኑን አስረድተዋል። ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት እንደተደረገለትም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል፤ ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጣላም።

የልብና የአእምሮ ሕመም የሚታከም መሆኑም ለሙስሊሞች አዲስ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ934 የሞተው አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ ሰውነትና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፍ ነፍስም እንደ ሰውነት እንደምትታመም ያስረዳል። ምክንያቱ የሚታወቅን ሐዘን ምክንያቱ ከማይታወቀው ለይቶ፣ የሁለቱም ሕክምና የተለያየ መሆኑን ጽፏል። ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ነገ በባለሙያው ወንበር ለምትቀመጡ

የጤና ሳይንስ ተማሪዎቻችን፣ የ«ኤም ኤች ጋፕ» መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ታድሶ ሲወጣ ከበሽታዎቹ ዝርዝር አስቀድሞ ስለ መግባባት ስድስት ነጥቦችን አስቀምጧል። ለመነጋገር የሚመች ሁኔታ መፍጠር፣ ታካሚውን ራሱን ማሳተፍ፣ ማዳመጥን ማስቀደም፣ ሁልጊዜ ወዳጃዊና አክባሪ ሆኖ ያለ ፍርድ መቀበል፣ ግልጽ ንግግር መጠቀም፣ ከባድ ነገር ሲነገር በርኅራኄ መመለስ ናቸው። በእኛ አካባቢ እነዚህ ምን ይመስላሉ?

1. በርና መጋረጃ። በአንድ ክፍል ሁለት ታካሚ ሲታይ ማንም የልቡን አይናገርም። ሌላ ክፍል ባይኖር እንኳ ወንበርን አስጠግቶ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። አንዲት እህት በሴት ባለሙያ መታየት ከፈለገች መጠየቁን ለእሷ ብቻ መተው አይገባም፤ «ሴት ባለሙያ ብትሆን ይሻልሻል?» ብሎ ቀድሞ ማለት ሸክሙን ያቀላል።

2. «እስካሁን ምን ምን ሞከሩ?» ሙስሊሙ ሩቅያ አስቀርቶ፣ ክርስቲያኑ ጠበል ገብቶ፣ ሌላውም የባህል መድኃኒት ወስዶ ሊመጣ ይችላል። «ለምን ቶሎ አልመጡም?» ከተባለ ይደብቃል፤ የወሰደው ነገር ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጭ እንደሆነም ሳይታወቅ ይቀራል። በአክብሮት ከተጠየቀ ግን ሁሉንም ይናገራል። ዱዓውንና ቂርአቱን ሳያቋርጥ ሕክምናውን እንዲከታተል መንገር በቂ ነው። ታካሚው ታስሮ ወይም ተመትቶ እንደሆነ ግን በግልጽ መጠየቅና ይህ ጉዳት እንደሆነ ለቤተሰቡ ማስረዳት ግዴታ ነው።

3. ስለ ሞት መጠየቅ። ራስን ማጥፋት በዲናችን ሐራም በመሆኑ ሐሳቡ የመጣበት ሰው አፍሮ ይደብቀዋል። ጥያቄው ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይተክልም፤ ብዙውን ጊዜ ያቀልለታል። «እንዲህ ሲጨንቃቸው አንዳንድ ሰዎች ሞቼ በተገላገልኩ ብለው ያስባሉ፤ እርስዎስ አስበው ያውቃሉ?» ማለት ይቻላል። «አዎ» ከተባለ መልሱ ቁጣና ፈትዋ አይደለም። ብቻውን አለመተው፣ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ ማራቅና በዚያው ዕለት ወደሚረዳው ባለሙያ ማድረስ ነው።

4. ስሙን ማስረዳት። «ድባቴ የሚባል ሕመም ነው። ብዙ ሰው ይይዘዋል፣ ይታከማል። የስንፍናም የኢማን ማነስም ምልክት አይደለም» የሚል ሦስት ዐረፍተ ነገር ታካሚው ቤቱ ድረስ ይዞት የሚሄደው ነው።

5. ማስደገም። በምሕንድስና ትምህርታችን መልእክት ደረሰ የሚባለው ላኪው ስለላከ አይደለም፤ ተቀባዩ «ደርሶኛል» የሚል ምልክት ሲመልስ ነው። ምልክቱ ካልተመለሰ እንደገና ይላካል። በሕክምናም እንዲሁ ነው። «ገባዎት?» ሲባል ሁሉም «አዎ» ይላል። «ቤት ሲገቡ ለልጆችዎ እንዴት አድርገው ይነግሯቸዋል?» ቢባል ግን የገባውና ያልገባው ይለያል።

ታካሚ ስንሆን

የባለሙያው ጊዜ አጭር መሆኑን ስለምናውቅ ከእኛ በኩል ተዘጋጅተን መሄድ እንችላለን። ሰልፍ ላይ ሆነን በቁራጭ ወረቀት ሦስት መስመር እንጻፍ፦ ምን ይሰማኛል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በእሱ ምክንያት ምን አቃተኝ። ሦስተኛው ከሁሉም ይጠቅማል። «ይጨንቀኛል» ከማለት ይልቅ «ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ክፍል አልገባም፣ ሶላቴ ላይ መቆም አቃተኝ፣ ከዶርም አልወጣም» ስንል ባለሙያው የሕመሙን ክብደት ያያል። ወረቀቱን አውጥቶ ማንበብ ነውር የለውም፤ አፍ ከተያዘም ወረቀቱን ማቀበል ይበቃል።

ከሶማሌ፣ ከአፋር፣ ከኦሮሚያ፣ ከስልጤና ከሌላም አካባቢ ተመድበው የመጡ ወንድሞችና እህቶች አሉን። አማርኛ ለትምህርትና ለገበያ ቢበቃም፣ የልብን ነገር ለመናገር ሰው የእናቱን ቋንቋ ይሻል። ለእነሱ ቋንቋቸውን የሚችል ባለሙያ ካለ መጠየቅ፣ ከሌለም የሚያምኑትን ጓደኛ ይዘው መግባት መብታቸው ነው።

አስታማሚ ስንሆን

ከዘመድ ጋር ስንገባ ሥራችን ማገዝ ነው፤ በእሱ አፍ መናገር አይደለም። ባለሙያው አባታችንን ሲጠይቅ እኛ አንመልስ። ቋንቋ ስንተረጉምም «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ያሉትን «አንዛይቲ አለባቸው» ብለን አናሳጥር፤ ያሉትን እንዳሉት እናድርስ። ሐፍረት የሚያመጣ ጥያቄ ሲደርስም «ለትንሽ ጊዜ ውጭ ልጠብቅ» ብለን እንነሣ። አንዲት ሚስት ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ የማትናገረው ነገር አለ፤ ልጅም አባቱ ፊት እንዲሁ። ከወጣን በኋላም የሰማነውን ለመንደሩ አናውራ። የሙስሊምን ነውር መሸፈን ከታዘዝን፣ ሕመሙን መሸፈን ይበልጥ ይገባናል።

መድኃኒቱና ረመዷን

ብዙ ሕክምና የሚቋረጠው ታካሚው ያልተነገረው ነገር ስላለ ነው። የድባቴ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ክኒን በዚያው ቀን አይሠራም፤ ለውጡ በደንብ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉት አፍ ሊያደርቁና እንቅልፍ እንቅልፍ ሊያሰኙ ይችላሉ። ይህ ያልተነገረው ሰው ጉዳቱን እንጂ ጥቅሙን ሳያይ በሳምንቱ ይተወዋል። ከተሻለው በኋላም መመሪያው ከ9 እስከ 12 ወር እንዲቀጥል ይመክራል። ስለዚህ ከክፍሉ ሳንወጣ አራት ነገር እንጠይቅ፦ መቼ መሥራት ይጀምራል? መጀመሪያ ምን ሊሰማኝ ይችላል? እስከ መቼ እወስዳለሁ? ምን ከተሰማኝ ቶሎ ልመለስ?

የእኛ የተለየ ጉዳይ ረመዷን ነው። አንዳንዱ ታካሚ ወሩ ሲገባ የጠዋቱን ክኒን ለማንም ሳይናገር ይተዋል፤ ባለሙያውም አይጠይቅም። መፍትሔው ወሩ ሳይገባ ቀድሞ መነጋገር ነው። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ ብዙ መድኃኒቶች በባለሙያ ምክር ወደ ፊጥራ ወይም ወደ ሰሑር ሰዓት ሊዛወሩ ይችላሉ። እንደ ሊቲየም ያለው ግን ሰውነት ውኃ ሲያጥረው በደም ውስጥ መጠኑ ከፍ ብሎ አደጋ ሊያመጣ ስለሚችል በራስ ውሳኔ የሚነካ አይደለም። ጾም የሚጎዳው በሽተኛ የተፈቀደለት ሩኽሳ አለ፤ ይህ ሩኽሳ ለሆድና ለኩላሊት ሕመም ብቻ የመጣ አይደለም። ባለሙያው «ይጎዳሃል» ያለውን ይዞ ወደ ኡስታዝ መሄድ ሁለቱንም ዕውቀት ማክበር ነው። ኡስታዞቻችንም «መድኃኒትህን ተው» ከማለት በፊት «ሐኪምህ ምን አለህ?» ብለው ቢጠይቁ ብዙ ሰው ይድናል።

በጀመዓችን ምን እናድርግ?

ከዚህ ትምህርት ሦስት ነገር ወስደን በዚህ ሴሚስተር መጀመር እንችላለን። አንደኛ፣ የጤና ተማሪዎቻችን በየሐለቃው አንድ ምሽት ወስደው ከላይ ያለውን ንግግር ሁለት ሁለት ሆነው ይለማመዱት፤ አንዱ ባለሙያ፣ አንዱ ታካሚ። ሁለተኛ፣ ወደ ክሊኒክ ብቻውን መሄድ የከበደው ካለ አብሮት የሚሄድ ወንድም፣ ለእህቶችም እህት ይኑር፤ ምስጢሩም የተጠበቀ ይሁን። ሦስተኛ፣ ወንድማችን ከጀማዓ ሶላት ሲጠፋ፣ እህታችን ከደርስ ስትቀር «የት ጠፋህ፣ ኢማንህ ወረደ እንዴ?» ብለን አንጀምር። ሰላም ብለን፣ «አልሐምዱሊላህ» የሚለውን መልሱን ተቀብለን፣ «እንቅልፍስ እንዴት ነው? ምግብስ ትበላለህ?» እንበል። ከዚያም መልሱን ለመስማት እንቀመጥ።

አላህ የታመሙትን ይማርልን፣ ያዘኑትን ያጽናናልን፣ በዕውቀታችንም ለሰው የምንጠቅም ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።